የዜማው በጅሮንድ ወንዝ ሲሻገር

አገሩ የት ነው ለሚል ሰው፣ ሩቅ ነው ብሎ ማለፍ ይሻላል። ሩቅ ሲባል ማንም አይቀየምም። ዘመኑም ያኔ ነው። ያኔ ሲባል የሚቆጣ ሹም የለም፤ ቢኖርም "እኔን ነው" ብሎ ቀድሞ አይወጣም።

በዚያ አገር ዘፈን የሚቀመጠው ቅል ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ዘፈን ሲያወጣ ወደ ዜማ ግምጃ ቤት ይሄድና አፉን ከቅሉ አንገት ላይ ደግኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍንበታል። ጸሐፊው ትንፋሹ ሳያመልጥ ቶሎ ብሎ በሰም ይደፍነዋል፤ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዘፈኑ የግምጃ ቤቱ ነው። አውጪውን "እግዜር ይስጥልን" ብለው ሲያሰናብቱት በር ላይ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉለታል፤ ትርፍራፊ ዜማ ከንፈሩ ላይ ቀርቶ እንዳይሄድ።

ዘፈን ያማረው ሰው ቅሉን ይገዛል። ቅሉ ግን ለብቻው አይላክም። "ቅል አጃቢ" የሚባል የግምጃ ቤት ሰው አብሮት ይሄዳል። ገዢው ቤተሰቡን ሰብስቦ ሰሙን ሲሰብር፣ አጃቢው ከኋላ ቆሞ ዘፈኑን ይዘፍናል። ለምን ቢባል፣ ቅል በተፈጥሮው ዓይን አፋር ስለሆነ ድምፁን የሚያወጣው በሰው ጉሮሮ ነው ይላሉ። ዛሬ ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። በዚያ አገር ግን አባቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ስለኖሩ የሚስቅ አልነበረም። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ፤ እዚያ ደግሞ ይዘፍን ነበር።

ደንቡ ብዙ ነው። አንድ ቅል ለአንድ ቤት ነው። ጎረቤት በአጥር ከሰማ አጥሩ ከፍ ይደረጋል፤ ከፍ ብሎም ከሰማ ጎረቤትየው ጆሮውን በጥጥ ይወትፋል። ፉጨት ግማሽ ዘፈን ነው። ማንጎራጎር የሚፈቀደው እህል እያኘኩ ብቻ ስለሆነ ያገሩ ሰው ኪሱ ቆሎ አያጣም፤ ቆሎው ያለቀበትም ጉንጩን ነፍቶ ያኘከ ይመስላል። ልጅ የምታባብል እናት አንዴ "እሹሩሩ" ብትል ማባበል ነው፤ ከደገመችው ዘፈን ነው፤ ከሠለሰችው ክስ ነው።

ታሪኩ ግን የይታክቱ ነው።

አገሩን ሰፊ ወንዝ ለሁለት ይከፍለው ነበር። በወዲህ በኩል ከተማውና ግምጃ ቤቱ፣ በወዲያ በኩል ገበሬውና ሸማኔው ይኖራሉ። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። በገመዱ ላይ ከተጋደሙ ግንዶች የተሠራች፣ በጠፍር የታሰረች ሰፊ ታንኳ ትመላለሳለች። የታንኳዋ ባለቤት ይታክቱ ናት። ቀዛፊ የለም፤ ተሻጋሪው ራሱ ገመዱን እየሳበ ይሻገራል፤ እሷ ከኋላ ቆማ በረጅም እንጨት ታቀናለች። ውሃው ኃይለኛ ነው። ሳቢዎቹ እኩል ካልሳቡ ታንኳዋ ትጠማዘዛለች፤ እኩል የሚያስባቸው ደግሞ ዘፈን ነው። ዘፈን ከሌለ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቅቃል።

በዚህ ምክንያት ታንኳዋ ላይ ይዘፈናል። ከተዘፈነ ደግሞ መማማር አይቀርም። ከደጋ የመጣው የአጨዳ ዘፈኑን ለቆለኛው ይሰጣል፤ ቆለኛው የሠርግ ዘፈኑን ይመልስለታል። አንድ ዘፈን ይዞ የተሳፈረ ሰው ሦስት አራት ይዞ ይወርዳል፤ የሰጠውም ሰው አልጎደለበትም። ከጎረቤት እሳት የጫረ ሰው የጎረቤቱን ምድጃ አያጠፋም። እዚህ ዳር ጠዋት የተወለደ ዘፈን ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ይደርስ ነበር።

ይታክቱ ራሷ መዝፈን አትችልም። ድምፅ አልፈጠረባትም። ዜማ ከጉሮሮዋ ሲወጣ እንደ ወደቀ ገል ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። ወዳጆቿ "እትዬ ይታክቱ፣ አንቺ ውሃውን ያዢልን፤ ዘፈኑን ለእኛ ተይው" ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። አንድ ነገር ግን ማንም አላወቀላትም። ሌላው ሰው ዘፈን ሲያምረው ከገዛ ሆዱ አውጥቶ ይዘፍናል። እሷ ከሰው አፍ ካልሰማች ዘፈን የላትም። ያቺን ታንኳ እንደ ነፍሷ የምትወዳት ለዚህ ነበር። ያገሩ ዘፈን ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል፤ እሷ እንጨቷን ይዛ ትሰማለች። ከዚህ ሌላ ደስታ አታውቅም።

ታዲያ በግምጃ ቤቱ ቅሎች ላይ አቧራ መቆለል ጀመረ።

የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ አጥናፌ ነበር። እዚያው ግምጃ ቤት ተወልዶ፣ ከቅል መካከል ያደገ ሰው ነው። በሕይወቱ አጃቢ ሳይቆምለት፣ ቅል ሳይከፈትለት የሰማው ዘፈን የለም። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው አንድ ቀን ይጠግባል፣ ትክክል ነኝ ያለ ሰው ግን አይጠግብም።

በጅሮንዱ ሹማምንቱን ሰብስቦ "ሕዝቡ ዘፈን ጠላ ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። አንዱ የዋህ "ጌታዬ፣ ቅሉ ተወዶበት ይሆናል" ቢል በዚያው ቀን ቅል አጣቢ ሆነ። ሌሎቹ ከእሱ ተማሩና በአንድ ድምፅ "ታንኳዋ ናት!" አሉ።

ወደ ወንዙ የተላከው ባሻ ጥላዬ ነው። ማዕረጉ ጆሮ መርማሪ ይባላል። የበሬ ቀንድ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ የቀንዱን ጫፍ ሰው ጆሮ ውስጥ ሰክቶ፣ በሰፊው በኩል የራሱን ጆሮ ደግኖ፣ ውስጥ የቀረ ዘፈን እንዳለ ያዳምጣል። ታማኝ ሰው ነው። ለገዛ እናቱም ቀንድ ሰክቷል ይባላል።

"ታንኳዋ ያንቺ ናት?" አላት ይታክቱን።

"የኔ ናት፣ ባሻ።"

"ምን ታሻግሪባታለሽ?"

"ሰው። አንዳንዴ ፍየል።"

"ሰዎቹ አፋቸው ውስጥ ምን ይዘው ነው የሚሻገሩት?"

"ጥርስ ነዋ! ሽማግሌዎቹማ እሱንም አልያዙ።"

ባሻ አልሳቀም። "ያልተገዛ ዘፈን ነው የሚያሻግሩት። አንቺ ደግሞ መንገድ ሆንሽላቸው።"

"ሌባ በመንገድ ቢሄድ መንገዱን ያስራሉ እንዴ?"

"ማሠሪያ ካገኘሁ አስረዋለሁ" አለ ባሻ፤ ከምሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መያዝ ተጀመረ። ከታንኳ የወረደ ሁሉ ቀንድ ይሰካበታል፤ ዘፈን የተገኘበት አፉ ላይ የቆዳ ልጓም ይጠልቅለታል። ልጓሙ ለምግብ ሰዓት ይፈታል፤ ያኔም ቢሆን ሲጎርስ የሚያይ ዘበኛ አጠገቡ ይቆማል። ሸማኔው ድሩን ሲያደራ ተያዘ። ሙሽራይቱ ከነሚዜዎቿ ተለጎመች። ለቅሶ ላይ የነበሩ ሰዎች ሙሾ ሲያወርዱ ደረሱባቸውና ለቀስተኛውን በሙሉ ለጎሙት፤ ለጥንቃቄ ሲባል ሬሳውንም። ይታክቱ የዚያን ቀን አስከሬኑን ስታሻግር እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ያለቀሰችው ለሟቹ ብቻ አልነበረም። ልጓም ካጠለቀው ሰው ሁሉ ይልቅ ዘፈን የጠፋባት እሷ ነበረች፤ እነሱ ቢያንስ በሆዳቸው አላቸው።

ነገሩ እዚያው እንዳይደመደም ያደረገው ያልተገዛ ዘፈን የሚከለክለው የግምጃ ቤቱ አዋጅ ራሱ ነው። አዋጁ "ያለ ምስክር ልጓም ለጊዜው እንጂ ለዕድሜ ልክ አይጠልቅም፤ ምስክሩም ከወንጀሉ ንጹሕ ይሁን" ይላል። ከሳሽ ምስክር ስለማይሆን ባሻ አይችልም። ሌላው ደግሞ ዘፈኑን ሰምቻለሁ ካለ ያለ ቅል ሰምቷልና ተከሳሽ ነው። ያገሩ ሰው ሁሉ ተከሳሽ ሆኖ ምስክር ጠፋ። የግምጃ ቤቱ ሊቃውንት ብዙ አሰላስለው "ሰረቀ የሚባለው መልሶ መዝፈን የሚችል ነው፤ መልሶ መዝፈን የማይችል ሰው ቢሰማም አልወሰደም" የሚል ሐተታ አገኙ። ባሻ ጥላዬ ሐተታውን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ሮጦ ወደ ታንኳዋ መጣ።

"ዝፈኚ" አላት።

"ኧረ ባሻ፣ ይቅርብዎ።"

"በሕግ አምላክ! ዝፈኚ።"

ዘፈነች። የባሻ በቅሎ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ሸሸች። ባሻ ራሱ ፊቱን ቢያጨማድድም እስከ መጨረሻው በጽናት አዳመጠና እጁን አንስቶ "ንጹሕ ናት!" ሲል አወጀ። በመንግሥቱ ውስጥ የቀረች አንዲት ንጹሕ ሰው።

ውሳኔው በነጋሪት ተነገረ። ይታክቱ ችሎት ፊት ቆማ የዘፈነ ሰው ስም ትስጥ። ስም የሰጠች እንደሆነ ታንኳዋና ገመዷ ይተርፉላታል፤ የተጠራው ሰው ልጓም ለዕድሜ ልኩ አይፈታም። ስም ያልሰጠች እንደሆነ ገመዱ ይቆረጣል፣ ታንኳዋ ትቃጠላለች።

ችሎቱ የተተከለው ወዲያ ማዶ፣ የተለጎመው ሕዝብ በሚኖርበት ዳር ነው። በጅሮንድ አጥናፌ ራሱ ሊፈርድ በጠዋት ተሻገረ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር የተለጎሙት ሳቢዎች ያለ ዘፈን፣ እየተንገጫገጩም ቢሆን አሻገሩት። ይታክቱ በዚያች ታንኳ ላይ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ገመዱ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። በጅሮንዱ ግን በነገሩ ተደስቶ "እንዴት ያለች ጨዋ ታንኳ ሆናለች" አለ።

ከዳር ምንጣፍ ተነጥፎለት ተቀመጠ። ከፊቱ በትራስ ላይ አንድ ቅል ተቀምጧል። የታንኳ መሳቢያው ዘፈን ያለበት ቅል ነው፤ ለማስረጃ የመጣ። ዘፈኑን ያወጣው ከሳቢዎቹ አንዱ፣ እንየው የሚባል ክንደ ብርቱ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ሰዎች መክረውት ሄዶ ቅል ውስጥ ዘፍኖ መጣ፤ ከዚያ በኋላም ታንኳዋ ላይ መዝፈኑን አልተወም።

"ወይዘሮ ይታክቱ" አለ በጅሮንዱ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እኔ ይህን ሁሉ የምደክመው ለራሴ አይደለም። ለእንየው ነው። ዘፈን አውጪ ካልተጠበቀ ማን ያወጣል? የተበደለው እሱ ነው።"

ከሕዝቡ መሐል ጉርምርምታ ተነሣ። እንየው በእጁ ልጓሙን እያመለከተ ወደ ፊት ወጣ። በጅሮንዱ ፈቀደና ፈቱለት።

"ጌታዬ፣ ለኔ ብለው ከሆነ ልጓሙን ለምን ለኔ አጠለቁብኝ?"

"ዘፈን ስለሰረቅህ።"

"ከማን?"

"ከራስህ።"

እንየው ሰማዩን አየ፣ ምድሩን አየ። "እኔስ እኔን አልከሰስኩም" አለ።

"አንተ የማትከስ ስለሆንክ ነው እኛ የምንከስልህ" አለ በጅሮንዱ፤ ቅን ሆኖ ነበር የተናገረው። ልጓሙን መለሱለት።

ተራው የይታክቱ ሆነ። በጅሮንዱ ዝቅ ብሎ "አንድ ስም ብቻ" አላት። "ብዙ አልጠይቅሽም። አንድ ሰው ስትሰጪኝ ሌላው ይፈራል፤ ፈሪ ደግሞ ቅል ይገዛል። ታንኳሽም ትተርፋለች።"

ይታክቱ ወደ ታንኳዋ ዞራ አየች። ፈርታለች፣ መፍራቷንም አልደበቀችም።

"ጌታዬ፣ ለታንኳዬ እሳሳለሁ። ልጅ የለኝም፣ እሷ ናት ያለችኝ። እንቅልፍም ካጣሁ ሰነበትኩ" አለች። "ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ዘፈን ከአፍ ሲወጣ ሌላ አፍ አግኝቶ ያርፋል። የሰው ስም ከአፌ ቢወጣ የሚያገኘው ልጓም ነው። እኔ በታንኳዬ ሰው አሳፍሬ ማዶ ሳላደርስ ጥዬ አላውቅም። ዛሬ አልጀምርም።"

"ስም የለም ማለትሽ ነው?"

"ስምማ ሞልቷል። የሚነግርዎት ነው የሌለው።"

በጅሮንዱ አዘነባት፤ ከልቡ ነው ያዘነው። እሱ ወዲህ ማዶ በተመለሰ ቅጽበት ገመዱ እንዲቆረጥ፣ ታንኳዋም እንድትቃጠል ፈረደ። ባሻ ጥላዬ መጥረቢያና ችቦ እንዲያሰናዳ ከቅል አጃቢውና ከበቅሎዎቹ ጋር ቀድሞ ተሻገረ።

ታንኳዋ ባሻን አድርሳ በተመለሰች ጥቂት ቆይቶ ከላይ የዘነበው ዝናብ ደረሰ። ወንዙ ቀላ፣ አበጠ፣ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ሽማግሌዎቹ "ጌታዬ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ከእኛው ዘንድ ይደሩ" ብለው ለመኑት። በጅሮንዱ ግን በነጋታው በንጉሡ ፊት የዓመቱ ቅል የሚከፈትበት ቀን ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ጥጥ ሳይዝ ዘፋኝ አገር ማደር አስፈርቶታል። የማስረጃውን ቅል አቅፎ ታንኳዋ ላይ ወጣ።

ከዳር የቆመች አንዲት ሴት ለምግብ የተፈታ አፏን ወደ ይታክቱ ጆሮ አስጠግታ "ገልብጪው" አለቻት። "ማን ሊጠይቅሽ? ወንዝ ነው የበላው።"

"ተይ" አለች ይታክቱ። "እሱ ይፍረድ እንጂ እኔ ዳኛ አይደለሁም።" ለመጨረሻ ጊዜ ነው በሚል ልብ እንጨቷን አነሣች።

መሐል እስኪደርሱ ደህና ነበር። መሐል ላይ ኃይለኛው ውሃ ታንኳዋን ከጎን መታት። ሳቢዎቹ በልጓማቸው እየተነፈሱ ይታገላሉ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቅቃል፤ ገመዱ ይወጠራል፣ ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል። ግንዶቹ ይንጫጫሉ። ታንኳዋ በአንድ ጎኗ ዘመም ስትል ውሃው የበጅሮንዱን ካባ እስከ ጉልበቱ አራሰው።

"እኩል ሳቡ! ምን ሆናችኋል?" ብሎ ጮኸ።

"እኩል የሚያስባቸውን ነገር ከልክለዋቸው ነዋ!" ብላ ጮኸች ይታክቱ። "ልጓሙን ይፍቱላቸው!"

"ሕግ ነው! ዘፈኑ ካስፈለገ እዚህ አለ!" አለና ቅሉን ከፍ አድርጎ ያዘ። በገዛ ሥልጣኑ ፈቀደ ማለት ነው። ጥርሱን ተጠቅሞ ሰሙን ሰበረና የቅሉን አፍ ወደ ሳቢዎቹ አዞረ።

ቅሉ ዝም አለ።

ነቀነቀው። ጆሮው ላይ ደገነው። እንደገና ወደ ሳቢዎቹ አዞረው። ከአንገቱ አንድ የደረቀ ፍሬ ተንከባልሎ ወጣ እንጂ ሌላ ነገር አልወጣም። በጅሮንድ አጥናፌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ማንም ሳይቆምለት ቅል ከፈተ። ፊቱ እናቱ ገበያ ውስጥ የጠፋችበትን ልጅ ይመስል ነበር። ይታክቱ ያኔ አዘነችለት፤ አናዷትም አሳዘናት።

"ጌታዬ፣ እዚያ ውስጥ ምንም ኖሮ አያውቅም" አለችው። ወገቧ ላይ የነበረውን ጠፍር መቁረጫ ቢላ መዝዛ እጀታውን ሰጠችው። "ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ይፍቱ። እኔ እንጨቱን ብለቅ ሁላችንም አለቀልን።"

በጅሮንዱ ቢላውን አየ፣ ውሃውን አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ልጓም ቆረጠ። የእንየው ነበር። እንየው ሌሎቹ እስኪፈቱ እንኳ አልጠበቀም።

*ወንዙ ጌታ ነው ይላሉ፣*
*ጌታ ከሆነ ገመድ ይያዝ በሉ!*

"ሆ!" አሉ የተፈቱት። ሌላ ልጓም ተቆረጠ፤ ሌላ "ሆ!" ተጨመረ። ክንዶቹ አንድ ላይ ሄዱ፣ አንድ ላይ መጡ። ታንኳዋ ቀና አለች።

"ይያዙ!" አለችው ይታክቱ፣ "ሰው አንሶናል!"

በጅሮንዱ ቢላውን ጣለና ገመዱን ያዘ። መጀመሪያ አፉን ገጥሞ ነበር የሚስበው፤ ስለዚህ ከሰው ወደ ኋላ ይቀር ነበር። አጠገቡ ያለው ሸማኔ በክርኑ ጎሸም አደረገውና "ይበሉ እንጂ!" አለው። በጅሮንዱ "ሆ" አለ። ትንሽ ነበረች። ሁለተኛዋ ተለቅ አለች። ብዙም ሳይቆይ ግጥሙን ከነምላሹ ይዞት ከሁሉ በላይ ይጮህ ነበር፤ መዳፉ ተልጦ፣ ካባው ወንዝ ወስዶት፣ ዓይኑ በእንባ ይሁን በውሃ ርሶ። ይታክቱ ከኋላ ሆና እንጨቷን እየገፋች ሰማችው። ዘፈኑ ተመልሶላታል። ለዛሬም ቢሆን ተመልሶላታል።

ወደ ዳር ሲቃረቡ በጅሮንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንየውን ጠየቀው። "ይሄ ነው እንዴ ዘፈኑ?"

"ይሄ ነው" አለ እንየው።

"ለካ…" አለ በጅሮንዱ፤ ሳይጨርሰው ታንኳዋ ዳር ነካች።

ባሻ ጥላዬ ከአፋፉ ላይ ቀንዱን ጆሮው ላይ ደግኖ ቆሟል። አጠገቡ መጥረቢያ የያዘ ሰው፣ ችቦ የያዘ ሰው፣ ቅል አጃቢውና ሹማምንቱ ተሰልፈዋል። ባሻ ለጌታው እጅ ከነሳ በኋላ ፊቱን አጠቆረ።

"ጌታዬ፣ ከታንኳዋ ላይ ዘፈን ሰምቻለሁ። የሳቢዎቹን ድምፅ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ቀንድ መርምሬያቸዋለሁ። ከመካከላቸው ግን አንድ የማላውቀው ነበር። ወፍራም፣ ያልተገራ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጮህ። ይህን ሰው ሳልይዝ አላድርም!"

ከታንኳዋ የወረደው በጅሮንድ የተላጡ መዳፎቹን ወደ ኋላው ሸሸገ። ቅል አጃቢው የጌታውን እግር አየ፤ እግሩ አሁንም በዜማው ልክ መሬቱን ይመታ ነበርና ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አዞረ።

ባሻ ወደ ይታክቱ ዞረ። ደስ ብሎታል፤ ሕጉ በሙሉ ክብሩ የሚሠራበት ሰዓት ደርሷል። "አንቺ ንጹሕ ነሽ። በመንግሥቱ ውስጥ ያለሽ ብቸኛ ምስክር አንቺ ነሽ። ስም ከሰጠሽ ታንኳሽ ትተርፋለች፤ አዋጁ አይታጠፍም። ማን ነው የዘፈነው?"

ሳቢዎቹ ሁሉ አዩዋት። ከእንግዲህ ምን ቀረ? አንድ ቃል ብቻ ነው። ያቺ ቃል ከወጣች ልጓሙ ለሠራው ሰው አፍ ይውላል፤ ገመዷም ይተርፋል፤ ብድሯም ይመለሳል። በጅሮንዱ አንገቱን ደፋ። ምሕረት አልለመናትም፤ ያን ያህል ጨዋነት ነበረው።

ይታክቱ ወደ መጥረቢያው አየች። ወደ ገመዱ አየች። በመጨረሻ ወደ ባሻ ዞረች።

"ስም ነው የሚፈልጉት?"

"ስም!"

"ይጻፉ። ይታክቱ።"

"ምን?"

"እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የዘፈንኩት።"

የባሻ ቀንድ ከእጁ ወደቀ። "አንቺ… አንቺማ መዝፈን አትችዪም! ራሴ መስክሬልሻለሁ! አንቺ ዘፋኝ ከሆንሽ ንጹሕ ሰው የለም፤ ንጹሕ ሰው ከሌለ ምስክር የለም፤ ምስክር ከሌለ…" እያለ በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። "ስም ደግሞ ሰጥታለች። ስም ከሰጠች ገመዱ…" መጥረቢያ ወደ ያዘው ሰው ዞረ፣ ወደ በጅሮንዱ ዞረ። "ጌታዬ፣ ይቆረጥ?"

በጅሮንድ አጥናፌ የተላጡ መዳፎቹን ከኋላው አውጥቶ አያቸው።

ይታክቱ መልሱን አልጠበቀችም። "መቁረጥ ከፈለጋችሁ ቁረጡ፤ ሌላ እንገምዳለን" አለች። "ማዶ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። በሉ ያዙ!" ብላ እንጨቷን ከዳሩ ድንጋይ ላይ ተክላ ገፋች። እንየው ዘፈኑን ሊያነሣ ትንፋሹን ሲስብ በእጇ ከለከለችው።

ከዚያም ሹማምንቱ ሁሉ ከአፋፉ ላይ እያዩ፣ ድምፅ ያልፈጠረባት ይታክቱ በሙሉ ጉሮሮዋ ዘፈኑን አነሣችው። ዜማው ተሰባብሮ ነበር፤ ግጥሙም ከመሐሉ ተዘልሏል። ሳቢዎቹ ገመዱን አንድ ላይ ጨበጡና ተቀበሏት።